ዘበኛው የት ይቁም? በአሜሪካን ማረፊያ ቤቶች ስለሚሠራበት የቅርብ ቁጥጥር የቀረበ ሂስ

ሰውን የሚያስር መንግሥት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው፥ ይኽ ሰው ስለ ምን ታሰረ? የሚል ነው። ይኽንን ጥያቄ ዳኞችና ጠበቆች፥ በኮሌጃችንም የሕግ ተማሪዎች፥ ዘወትር ይመረምሩታል። ሁለተኛው፥ በሩ ከተዘጋ በኋላ በግንቡ ውስጥ የሚገዛው ማን ነው? የሚል ነው። ይኽኛውን ብዙ ሰው አያነሣውም፤ ቁልፉን የያዘ ይገዛል ብሎ ስለሚያስብ መልሱ የታወቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ወህኒ ቤትን ቀርበው ያጠኑ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ቁልፍ መያዝና መግዛት አንድ አይደሉም። በሩ ተቆልፎ፥ ዘበኛው በውጭ ቆሞ ሳለ፥ በውስጥ ደካማው እስረኛ ለጉልበተኛው እስረኛ የሚገብርበት ቤት ብዙ ነው።

ይኽ ጽሑፍ የሚመረምረው በአሜሪካን አገር ከ1974 ጀምሮ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መልሱ ባጭሩ፥ ዘበኛው ከመስተዋቱ ኋላ ወጥቶ ከእስረኞቹ መካከል ይቁም፤ ይዘዋወር፤ ያነጋግር፤ ጠብ ሳይነሣ ይቅደም የሚል ነው። ይኽንን አሠራር የቅርብ ቁጥጥር ብለን እንጠራዋለን። ማረፊያ ቤት የምንለው ፍርድ የሚጠባበቁና አጭር ቅጣት የተፈረደባቸው ሰዎች የሚቆዩበትን ቤት ሲሆን፥ ወህኒ ቤት የምንለው ደግሞ ረዥም ቅጣት የሚፈጸምበትን ነው። ይኽ ልዩነት ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የምከራከርለት አሳብ እንደሚከተለው ነው። የቅርብ ቁጥጥር ትምህርት ዘበኛው እስረኛውን እንዴት እንደሚመራ በሚገባ ያስተምራል፤ በዚህም ከቀደሙት አሠራሮች ሁሉ ይበልጣል። ዘበኛውን ራሱን ማን እንደሚጎበኘው፥ ማን እንደሚደግፈውና በምን መለኪያ እንደሚመዝነው ግን በቂ መልስ አልሰጠም። ይኽም በዳር የቀረ ትንሽ ጉድለት ሳይሆን ሥርዓቱ የሚቆምበት ወይም የሚወድቅበት ምሰሶ ነው።

ሦስት ዓይነት አቋቋም

የቀድሞው የአሜሪካን ማረፊያ ቤት አሠራሩ እንደ ባቡር ፉርጎ ነው። ረዥም መተላለፊያ አለ፤ በጎኑ ክፍሎቹ ተደርድረዋል። ዘበኛው በመተላለፊያው ሲሄድ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። አልፎ ከሄደ በኋላ እስኪመለስ ድረስ ክፍሎቹ የእስረኞቹ ግዛት ይሆናሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ይኽን ጉድለት ለማረም የመጣ ነው። ክፍሎቹ አንድ አዳራሽ ከበው ይሠራሉ፤ ዘበኛው በመስተዋት በተከለለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አዳራሹን ሁሉ ያያል፤ በሮቹን ከተቀመጠበት ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ በድምፅ ማጉያ ያዛል። የዚህ አሳብ አያት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጀረሚ ቤንታም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ በ1791 ባሳተመው ፓኖፕቲኮን በተባለው ዕቅዱ፥ ጠባቂው ራሱ ሳይታይ እስረኞችን ሁሉ የሚያይበትን ክብ ሕንፃ አቅርቦ ነበርና። ነገር ግን ማየት መግዛት አይደለም። ከመስተዋት ኋላ ያለ ሰው ቡጢው ሲሰነዘር ያያል፤ ከቡጢው በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ሲብላላ የነበረውን ሹክሹክታ ግን አይሰማም።

ሦስተኛው ዓይነት አዳራሹን እንዳለ ይዞ መስተዋቱን ያነሣዋል። የአሜሪካን የፌዴራል ወህኒ ቤቶች መሥሪያ ቤት በ1974 በሳን ዲዬጎ፥ በ1975 ደግሞ በቺካጎና በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኮሬክሽናል ሴንተር የተባሉ ሦስት ማረፊያ ቤቶችን በዚህ አሳብ ከፈተ። ከአውራጃ ማረፊያ ቤቶች ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1981 በካሊፎርኒያ፥ በኮንትራ ኮስታ አውራጃ፥ በማርቲኔዝ ከተማ የተከፈተው ነው። በእነዚህ ቤቶች አንድ ዘበኛ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ እስረኞች በሚውሉበት አዳራሽ ውስጥ ያለ መከለያ ይቆማል። ጠረጴዛው ክፍት ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል በብረት የተሠራ ዕቃ ቀርቶ ተራ ወንበር፥ ምንጣፍና የሸክላ መጸዳጃ ገብቷል። አንድ ቴሌቪዥን ወይም አንድ ስልክ የጠብ ምክንያት እንደሚሆን ታውቆ በርከት ብለው ተደርገዋል። ይኽ ሁሉ ለእስረኛው፥ ከአንተ የምንጠብቀው የሰው ጠባይ ነው፥ ብሎ የሚናገር ነው። ሪቻርድ ዌነርን የመሳሰሉ አጥኚዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስለ እነዚህ ቤቶች በጻፉት ውስጥ፥ አሠራሩ በደንብ በተፈጸመበት ቦታ ጠብም የንብረት ማበላሸትም ከቀድሞው ማነሱን አመልክተዋል።

የዘበኛው ሥራ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከውጭ ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። ፎጣ ያልደረሰውን ይጠይቃል፤ የጠያቂ ቀን የተዛባበትን ያስተካክላል፤ ትናንት ከፍርድ ቤት ፊቱ ጠቁሮ የተመለሰውን ያያል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጥግ መተያየታቸው ሲበዛ በመካከላቸው ያልፋል። ትንሹን ጥፋት በቃል ያርማል፤ ትልቁን ያጠፋውን ከአዳራሹ ያስወጣል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። እሳቱን ለማጥፋት ብዙ ሰው መጥራት የኋለኛው መንገድ ነው፤ የቅርብ ቁጥጥር የሚሻው ጭሱን የሚያሸት አንድ ሰው ነው።

ብረትና መስተዋት ሲከዱ

የዚህ አሳብ ተቃዋሚዎች፥ ዘበኛን ያለ መከለያ ከእስረኞች መካከል ማቆም ለአራዊት ማቅረብ ነው፤ ደኅንነቱ በብረት ይሻላል፥ ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት ታሪኮች አሉ። ሁለቱም በወህኒ ቤት እንጂ በማረፊያ ቤት የሆኑ አይደሉም፤ ስለ ብረት የሚያስተምሩት ግን ለሁለቱም ይሆናል።

የመጀመሪያው በኒው ዮርክ ክፍለ አገር በአቲካ ወህኒ ቤት መስከረም 9 ቀን 1971 የተነሣው ዐመፅ ነው። እስረኞቹ ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚያደርሰውን የመካከለኛውን በር ገፍተው ሲታገሉት በሩ ተከፈተ፤ ከብረቱ አንደኛው ክፍል በጊዜው በደንብ አልተበየደም ነበርና። ከአራት ቀን በኋላ መንግሥት ቤቱን በኀይል ሲያስመልስ በተተኰሰው ጥይት 39 ሰዎች ሞቱ፤ የሟቾቹ ጠቅላላ ቍጥር 43 ነው። ሁለተኛው በኒው ሜክሲኮ፥ በሳንታ ፌ አጠገብ ባለው ወህኒ ቤት የካቲት 2 ቀን 1980 የሆነው ነው። በዚያ የነበረው የመቆጣጠሪያ ክፍል ቁልፉን ሁሉ የያዘ ነበር፤ መስተዋቱ ብዙ ሳይቆይ የተለወጠ፥ አይሰበርም የተባለ ነበር። እስረኞቹ ሰበሩት፤ ቁልፎቹንም ወሰዱ። በ36 ሰዓት ውስጥ 33 እስረኞች በገዛ ጓደኞቻቸው እጅ ተገደሉ፤ ብዙዎቹም እጅግ በሚዘገንን አኳኋን ነበር።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው ብረት አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ብረት የሚጠቅመው በውስጡ የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ በአቲካም በሳንታ ፌም አጥሩ ከመነቅነቁ ብዙ ቀደም ብሎ ባለቤቱ ተንቆ ነበር። በሳንታ ፌ የነበሩት ሹማምንት እስረኞቹን ያውቁ የነበረው ቀርበው በማነጋገር ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ነገር እንዲያቀብል በማድረግ ነበር። በዚያች ሌሊት ከሁሉ ይልቅ የተሠቃዩት ነገር አቀባይ ተብለው የተጠረጠሩት መሆናቸው ይኽን ያመለክታል።

የሳይክስ ተቃውሞ

ከላይ ያለው ክርክር ቀላል ነው። የሚከብደው የፕሮፌሰር ግሬሻም ሳይክስ ነው። በ1958 የእስረኞች ማኅበር የሚል ትርጉም ባለው መጽሐፋቸው፥ በኒው ጀርሲ በትሬንተን ከተማ ያለውን ወህኒ ቤት አጥንተው ያቀረቡት ትምህርት፥ ለቅርብ ቁጥጥር ደጋፊዎች ሁሉ ሊያስፈራቸው የሚገባ ነው።

ሳይክስ እንደሚሉት የዘበኛው ሥልጣን በወረቀት ላይ ፍጹም ነው፤ በሥራ ላይ ግን ጎዶሎ ነው። እስረኛው ዘበኛውን ልታዘዘው ይገባኛል ብሎ አይቀበለውም። በኀይል ማስገደድ በየቀኑ የሚሠራ መሣሪያ አይደለም፤ አንድ ዘበኛ ለብዙ ሰው ነውና። ሽልማትም በእጁ የለም፤ የቅጣት ቅነሳውና የጠያቂው ፈቃድ ለእስረኛው ገና ሲገባ በአንድ ጊዜ ተሰጥቷልና፥ ዘበኛው ሊነፍግ ይችል እንደ ሆነ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ከዚህ የተነሣ ዘበኛው ይዋዋላል። ትንሹን ጥፋት አላየሁም ይላል፤ እስረኞቹም በምላሹ አዳራሹን ጸጥ ያደርጉለታል። ሳይክስ የሥልጣን መበላሸት የሚሉት ይኽንን ሲሆን በሦስት በር ይገባል፤ በወዳጅነት፥ በውለታና ሥራን ለእስረኛ በመተው። ዘበኛው ቀኑን ሙሉ ከእስረኞቹ ጋር ይውላል፤ ከእነሱም ጋር ይላመዳል፤ ከአለቆቹ ይልቅ እነሱ ይቀርቡታል።

እንግዲህ የቅርብ ቁጥጥር ትምህርት የሚያዝዘው ሳይክስ የመበላሸት ምክንያት ያሉትን ራሱን ነው። ቅረብ፥ አነጋግር፥ እወቅ ይላል። ሳይክስ ትክክል ከሆኑ፥ ከ1974 ወዲህ የተሠሩት አዳራሾች ሁሉ ዘበኛን የሚያበላሹ ቤቶች ናቸው ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ሳይክስ ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን ሙሉ በሙሉ አልለዩትም። ትሬንተን ውስጥ ዘበኛውን ያበላሸው መቅረቡ ሳይሆን ብቻውን መተዉ ነው። ይኽን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ መኝታ ቤት የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ ሌሊት ብዙ ልጆች በእሱ እጅ ነበርን። ሰውየው ያለ ቂምና ያለ ውለታ ሊጠብቀን የቻለው ስላልቀረበን አይደለም፤ የእያንዳንዳችንን አባት ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር። የቻለው ጧት ጧት ዋናው አስተዳዳሪ እየመጣ ሌሊቱ እንዴት አደረ ብሎ ስለሚጠይቀው፥ መብራት አንሷል ሲል መብራት ስለሚመጣለት፥ ጥፋት ሲነግርም ጥፋቱ ስለሚታይለት ነው። የሚጎበኘው ሰው ቢጠፋና ልጆቹ ጸጥ ባይሉ እሱ የሚወቀስ ቢሆን ኖሮ፥ በወሩ መጨረሻ ከትልልቆቹ ልጆች ጋር ይዋዋል ነበር።

ሳይክስ ራሳቸው ለዚህ ማስረጃ ይሰጣሉ። አለቆቹ ዘበኛውን የሚመዝኑት በአዳራሹ ጸጥታ መሆኑን ጽፈዋል። ዘበኛው ጸጥታን ማምጣት አለበት፤ የሚያመጣበት መሣሪያ ግን አልተሰጠውም። ታዲያ ጸጥታን ከሚሸጡለት ቢገዛ ምን ይደንቃል?

የዲዩሊዮ መልስና የቴክሳስ ትምህርት

በ1987 ጆን ዲዩሊዮ ወህኒ ቤቶችን ስለማስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ የሳይክስን ተስፋ መቍረጥ ተቃወሙ። ቴክሳስን፥ ሚቺጋንንና ካሊፎርኒያን አነጻጽረው፥ የወህኒ ቤት መልካምነትና ክፋት የሚመጣው ከአስተዳደሩ እንጂ ከእስረኞቹ ዓይነት ብቻ አይደለም አሉ። ይኽ ታላቅ ቁም ነገር ነው። የቅርብ ቁጥጥር ትምህርትም የቆመበት መሠረት ይኸው ነው፤ ሥርዓት ከእስረኛው በጎ ፈቃድ የሚለመን ሳይሆን ከአስተዳደር የሚጠየቅ ነው።

ነገር ግን ደራሲው ከሦስቱ አስበልጠው የሚያመሰግኑት ከ1962 እስከ 1972 በጆርጅ ቤቶ የተመራውን የቴክሳስን ጥብቅ ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ የሕንፃ ጠባቂ የሚባሉ እስረኞች ነበሩ። እነዚህ በሹማምንቱ ተመርጠው ሌሎቹን እስረኞች የሚገዙ ነበሩ፤ የተሻለ መኝታና ነጻነት ነበራቸው፤ ይማቱም ነበር። ዲዩሊዮ ይኽን አልሸሸጉትም፤ ሥርዓቱ ኋላ የተበላሸበትም ምክንያት መሆኑን አምነዋል። ሆኖም እንደ ዳር ነገር የሚታይ አይደለም። በ1972 አንድ እስረኛ ባቀረበው አቤቱታ የተጀመረው፥ ሩዊዝ በኤስቴል ላይ የተባለው ክስ በ1980 ሲፈረድ፥ ዳኛው ዊልያም ዌይን ጀስቲስ ይኽን የእስረኛ አገዛዝ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ገለጡ። የሕንፃ ጠባቂዎቹ ሲነሡ በቦታቸው የሚተካ በቂ ዘበኛ አልነበረም፤ በ1984 እና በ1985 በቴክሳስ ወህኒ ቤቶች ብዙ እስረኞች በእስረኞች እጅ ተገደሉ። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የቀድሞው ይሻል ነበር ይላሉ። የሚሻለው አነጋገር ግን፥ ጸጥታው ከመጀመሪያው የመንግሥት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀ፥ የሚል ነው።

ይኽ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በእስር ቤቶቻችን ካቦ የሚባለውን፥ ከእስረኞቹ መካከል ሆኖ ክፍሉን የሚመራውን ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው። ካቦ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ጽዳት የሚያስጠብቅና የታመመ የሚያስታምም አለ። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት በ1955 ባወጣው፥ በ2015 ደግሞ አሻሽሎ በኔልሰን ማንዴላ ስም በጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ውስጥ፥ ማንም እስረኛ በሌላው እስረኛ ላይ የመቅጣት ሥልጣን እንዳይሰጠው ተከልክሏል። የክልከላው ምክንያት ከቴክሳስ ታሪክ ይታያል። ዘበኛው የማይቆምበት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይቆምበታል።

ስድስቱ ነጥቦችና የጎደለው ሰባተኛ

የአሜሪካን ብሔራዊ የእርማት ተቋም የቅርብ ቁጥጥርን ትምህርት ኋላ አስፍቶ በስድስት ነጥብ አጠቃልሎታል። እነሱም የእስረኛውን አስጊነትና ችግር መመርመር፥ ለጠባዩ በሚስማማ ክፍል መመደብ፥ መሠረታዊ ፍላጎቱን ማሟላት፥ ከእሱ የሚጠበቀውን ጠባይ በግልጥ ማስታወቅ፥ መቆጣጠር፥ በሚረባ ሥራ ማዋል ናቸው። የአቀራረቡ መልካምነት አንዱ ሌላውን የሚደግፍ መሆኑ ነው። ምግቡ በሰዓቱ ካልደረሰ፥ የታመመው ካልታከመ፥ ዘበኛው ቢያነጋግር ቃሉ ባዶ ይሆናል። እስረኛው ሥራ ፈትቶ ከዋለ መቆጣጠር ድካም ብቻ ነው። የሳይክስ ሽልማት አልባ ዘበኛም እዚህ መልስ አግኝቷል፤ ከአዳራሹ ኑሮ መልካምነት የተነሣ እዚያው መቆየት ራሱ ሽልማት ሆኗል፤ መውጣትም ቅጣት። ስለዚህ ዘበኛው የሚዋዋልበት ምክንያት ቀንሷል።

ዳሩ ግን ስድስቱም ነጥቦች የሚናገሩት እስረኛው ምን ይደረግለት፥ ምን ይጠየቅ ብለው ነው። ዘበኛው በየሰዓቱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መዞሩን የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? ለዚህ የተለየ ነጥብ የለም። የትምህርቱ ጸሐፊዎች ስለ ሥልጠናና ስለ አለቆች ክትትል በየቦታው ማሳሰባቸው እውነት ነው። ነገር ግን ማሳሰቢያ ምሰሶ አይሆንም።

የዚህ ውጤት በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛ፥ ሕንፃው ተሠርቶ አሠራሩ የሚቀርበት አለ። ክርስቲን ታርታሮ በ2006 ባወጡት ጥናት፥ የቅርብ ቁጥጥር ቤት ነኝ ከሚሉት የአሜሪካን ማረፊያ ቤቶች ብዙዎቹ አሠራሩን የፈጸሙት በከፊል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። አንዳንዱ ክፍት አዳራሽ ሠርቶ ሥልጠናውን ይተዋል፤ አንዳንዱ ዘበኛውን ያቆምና ዕቃውን እንደገና ብረት ያደርገዋል። ሕንፃ በገንዘብ ይገዛል፤ በየቀኑ የሚነሣ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ አይገኝም።

ሁለተኛ፥ ሰው ተመድቦ ቦታው ባዶ የሚሆንበት አለ። በኒው ዮርክ ከተማ በራይከርስ ደሴት ያሉት ማረፊያ ቤቶች ከ2015 ጀምሮ በፍርድ ቤት ተመልካች ሥር ናቸው። በዚያ ለአንድ መኖሪያ ክፍል አንዱ ዘበኛ በመስተዋት ውስጥ፥ ሌላው በወለሉ ላይ ይመደባል። ከ2021 ጀምሮ በወጡት ዘገባዎች እንደ ተገለጠው፥ ብዙ ዘበኞች ከሥራ ቀርተው፥ ሌሎቹም የተመደቡበትን ጥለው፥ የወለሉ ቦታ ሰው አልባ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይኽ የሆነው በሰው ቍጥር ድኽነት አይደለም፤ ከተማው ከእስረኞቹ ቍጥር ጋር ሲነጻጸር ካገሪቱ ሁሉ የበለጠ ዘበኛ ካላቸው አንዱ ነው። በ2022 ከከተማው እስረኞች 19 ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2024 የፌዴራል ዳኛ ከተማው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመፈጸሙን ፈረዱ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ የበለጠ ያሳዝናል፤ የአሳቡ መነሻ ከሆኑት ከሦስቱ ቤቶች በአንዱ የሆነ ነውና። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኮሬክሽናል ሴንተር ነሐሴ 10 ቀን 2019 ጄፍሪ ኤፕስቲን የተባለው የታወቀ ባለጸጋ እስረኛ በክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ሌሊቱን ተረኛ የነበሩት ሁለት ዘበኞች በየግማሽ ሰዓቱ መዞር ሲገባቸው ከክፍሉ ጥቂት ርምጃ ርቀው ተቀምጠው አድረዋል፤ ዞረናል ብለውም በመዝገብ ፈርመዋል። ያ ክፍል የተለየ ጥበቃ የሚደረግበት ዝግ ክፍል ስለሆነ የቅርብ ቁጥጥር አዳራሽ አልነበረም፤ ይኽን መለየት ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄው የዘበኞቹ ስንፍና ብቻ አይደለም። ሁለቱም ከመደበኛ ሰዓታቸው በላይ ይሠሩ ነበር። መዝገቡ በሐሰት ሲሞላ በዚያች ሌሊት መጥቶ ያየ፥ ይኽ ፊርማ እውነት ነውን? ያለ አለቃ አልነበረም። የፍትሕ ሚኒስቴር መርማሪ በ2023 ባወጣው ዘገባ የሠራተኛ እጥረትንና የክትትልን ጉድለት ዘርዝሮ አስረድቷል። ቤቱም በ2021 ተዘግቷል። በ1975 እንደ ምሳሌ የተከፈተ ቤት እንዲህ ሲዘጋ፥ ስለ ሕንፃ ጥበብ ሳይሆን ስለ ሰው ጥበቃ ያስተምራል።

ጸጥታ ብቻውን መለኪያ ይሆናልን?

አንድ የመጨረሻ ነጥብ ይቀራል። የዚህ ትምህርት ስም የእስረኛ ጠባይ አያያዝ ነው። ስሙ ራሱ ጠባይ የተያዘለት፥ ጸጥ ያለ አዳራሽ ግቡ እንደሆነ ያስመስላል። ነገር ግን በአሜሪካን ማረፊያ ቤቶች ካሉት ሰዎች ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ወይም የሚበልጡት ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። ብዙዎቹ የዋስ ገንዘብ በማጣት የተቀመጡ ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው ጸጥ ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ቀጠሮው እንዳያልፈው፥ ጠበቃው እንዲደርሰው፥ ሕመሙ እንዲታይለት ይገባል። ጸጥ ያለ ሰው ደስ ያለው ሊሆን ይችላል፤ የፈራም፥ የታመመም፥ ተስፋ የቈረጠም ሊሆን ይችላል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ከአዳራሹ ሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለው ነው።

ስለዚህ ዘበኛው በጸጥታ ብቻ የተመዘነ እንደሆነ ወደ ትሬንተን እንመለሳለን፤ ጸጥታን ከሚሸጡለት ይገዛል። የሚመዘነው ስንት እስረኛ በስም ያውቃል፥ ስንት አቤቱታ ለሚመለከተው አድርሷል፥ ደካማው እስረኛ በአዳራሹ ሳይፈራ ይበላልን ተብሎ ከሆነ ግን መቅረቡ መልክ ይለውጣል። ያን ጊዜ መቅረብ የውለታ በር ሳይሆን የእውቀት በር ይሆናል።

መደምደሚያ

የቅርብ ቁጥጥር አሳብ ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ እውነት አለው። ብረት ብቻውን እንደማይጠብቅ አቲካና ሳንታ ፌ፥ እስረኛ እስረኛን እንዲገዛ መተው ወዴት እንደሚያደርስ ቴክሳስ አሳይተዋል። ዘበኛው ይቁም የሚባልበት ቦታ በእርግጥ ከእስረኞቹ መካከል ነው። ሳይክስ ያዩት አደጋ ግን አልጠፋም፤ ከመተላለፊያው ወደ አዳራሹ ተዛውሯል እንጂ። መድኀኒቱም ዘበኛውን መልሶ በመስተዋት መከለል ሳይሆን ከዘበኛው ኋላ ሌላ ሰው ማቆም ነው። ይኸውም ሳይነግር እየመጣ የሚጎበኝ፥ ከእስረኞቹም ጋር በቀጥታ የሚነጋገር፥ የዘበኛውን ድካም የሚያይና በጊዜው የሚተካው፥ የሐሰት ፊርማንም የሚለይ አለቃ ነው። ከአለቃውም በላይ ከቤቱ ውጭ የሆነ፥ ዘገባውን ለሕዝብ የሚያወጣ ተመልካች ያስፈልጋል። ለስድስቱ ነጥቦች ሰባተኛ ሆኖ ሊጨመር የሚገባው ይኽ ነው።

የማንዴላ ደንብ ለወህኒ ቤት ሠራተኞች ከሚያዝዛቸው ትምህርቶች አንዱ፥ ደኅንነት ከግንብና ከመሣሪያ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ከእስረኛው ጋር ካለው ግንኙነት እንደሚመጣ የሚያስረዳው ነው። የኮሌጃችን የሕግና የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ተማሪዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በአገራችን እስር ቤቶች ካቦ የሚመራው ምን ያህሉን ነው? ዘበኛው የሚመራውስ? ዘበኛው ሲደክመው የሚተካው፥ ሲያጠፋ የሚያየው ማን ነው? ይኽን ፈቃድ አግኝቶ በቦታው ተገኝቶ የሚመዘግብ ጥናት፥ ከብዙ የሕንፃ ዕቅድ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል።